ባሕርያችንን አትንኩብን!

በእንግሊዝ ኬንት ግዛት፣ ከለንደን የግማሽ ሰዓት ያህል የባቡር መንገድ ርቃ የምትገኘው ሴቨኖክስ የታደለች ከተማ ናት። የታደለችው በኮረብታዋና በአጋዘኖቿ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እንቅልፍ አጥተው በሚጠብቋት ነዋሪዎቿም ነው። ጠዋት ለንደን ሄደው ሲሠሩ ውለው፣ ማታ በባቡር ተመልሰው፣ እራት እስኪቀርብ እንኳ ሳይታገሡ፣ አዲስ ቤት በሰፈራቸው እንዳይሠራ የተቃውሞ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚቀመጡትን እነዚህን አርበኞች ማመስገን ነውር የለውም።

የግንባታ ማመልከቻ ማስታወቂያ በመብራት ምሰሶ ላይ የምትታሰር፣ በላስቲክ የተሸፈነች አንዲት ወረቀት ናት። አላፊ አግዳሚው ልብ አይላትም። የሰፈሩን ባሕርይ፣ ማለትም የቆየ መልኩንና ወጉን፣ ጠባቂው ግን ውሻውን ሊያናፍስ በወጣበት ከውሻው ቀድሞ ያሸታታል። በአሮጌ መጋዘን ቦታ ላይ አሥራ ሁለት አፓርታማ ሊሠራ ነው! ያን ጊዜ የተሰወረ ዕውቀቱ ይገለጣል። ትናንት ጣሪያው ሥር የገባችውን የሌሊት ወፍ ሲረግም ያደረ ሰው፣ ዛሬ ስለ ሌሊት ወፎች የመኖር መብት ሦስት ገጽ ይጽፋል። ደብዳቤው ሁልጊዜ በቸርነት ይጀምራል፦ «ቤት መሠራቱን በመርህ ደረጃ አልቃወምም።» ከዚያ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል፣ የሐኪም ቀጠሮ ጠፍቷል፤ ማሳረጊያው ደግሞ «የአካባቢያችንን ባሕርይ ያጠፋል» የሚል ነው። ስለ ቤቱ ዋጋ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ጨዋ ሰው ስለ ገንዘብ አያወራም፤ የቤቱን ዋጋ ሌሊት ብቻውን ኮምፒውተር ከፍቶ ነው የሚያየው።

ባሕርይው እንዴት ጽኑ እንደሆነ ዛፎቹ ይመስክሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ መታሰቢያ፣ የከተማዋን ስም ተከትለው (ሴቨኖክስ «ሰባት ኦኮች» እንደ ማለት ነው) ቫይን በተባለው የክሪኬት ሜዳ ዳር ሰባት የኦክ ዛፎች ተተከሉ። በጥቅምት 1987 የተነሣው አውሎ ነፋስ ስድስቱን በአንድ ሌሊት ገነደሳቸው፤ ያውም ፈቃድ ሳይጠይቅ። ከተማዋ በአንድ ዛፍ ቀርታ እንኳ ባሕርይዋ ንቅንቅ አላለም። አውሎ ነፋስ ያቃተውን ማድረግ የሚችል ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ብቻ ነው።

እዚያው ቫይን ሜዳ ላይ የሚጫወተው የክሪኬት ክለብ ለከተማው ምክር ቤት የሚከፍለው የዓመት ኪራይ ሁለት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው። ቀልድ አይደለም፤ አንዷ ፍሬ ለሜዳው፣ አንዷ ለክለቡ ቤት። በዚሁ አውራጃ ቤት ልግዛ የሚል ወጣት ግን ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ማዘጋጀት አለበት። ቁንዶ በርበሬ በጆንያ ቢያመጣም የሚያስተናግደው ባንክ የለም።

የአውራጃው ምክር ቤትም የሚታማ አይደለም። ከመሬቱ 93 በመቶው ግንባታ በጥብቅ በተገደበበት አረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ ነው (የጎልፍ ሜዳም አረንጓዴ ስለሆነ በክብር ተካቷል)። በቀረችው መሬት የሚፈለገው ቤት ሁሉ አልገባ ሲል፣ የጎደለውን ጎረቤት አውራጃዎች ይሥሩልን ተባለ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የአውራጃውን የቤት ግንባታ ዕቅድ የመረመረችው የመንግሥት ባለሙያ «ጎረቤቶቻችሁን በጊዜና በወጉ አላማከራችሁም» በማለት ዕቅዱን አልቀበልም አለች። ምክር ቤቱ ለባሕርይ ሲል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በ2020 ተረታ። ለክብር የወጣ ወጪ ወጪ አይባልም።

በ1860ዎቹ ባቡር ሲገባ፣ እሱን ተከትለው በየሜዳው የበቀሉት ቪላዎች ዛሬ «ታሪካዊ ቅርስ» ተብለው ይጠበቃሉ። ያን ጊዜ የመብራት ምሰሶ የሚያነብ አርበኛ አለመኖሩ በጀ እንጂ፣ የዛሬዎቹ አርበኞች ደብዳቤ የሚጽፉበት ሳሎን ባልኖራቸው ነበር።

ቡናቸውን የምትቀዳላቸው ልጅና አረጋዊ እናታቸውን የምታስታምመው ነርስ ከሌላ ከተማ በባቡር ይመጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ፤ ባሕርይውን አይነኩም። የራሳቸው ልጆችም ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ዋጋውን አይተው፣ ሩቅ ከተማ በተሠራ አዲስ ሰፈር ጎጆ ወጥተዋል። ወላጆች እሑድ የልጅ ልጅ ሊያዩ ሲሄዱ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱና፣ ሻይ እየጠጡ፣ «ምነው ልጄ፣ ይህ ሰፈር ባሕርይ የለውም እኮ» ይላሉ።