ከጉቶው ወይስ ከኬላው?

ባለፈው ነሐሴ እዚህ ስዊድን፣ በርግስላገን በሚባለው የድሮ ብረት አቅላጮች አገር፣ አንድ የገጠር በዓል ላይ ተገኝቼ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሰል ያከስላሉ። ለገበያ አይደለም፤ ሙያው ከነሱ ጋር እንዳይቀበር ብለው ነው። እንጨቱን አቁመው ክብ አድርገው ከምረውታል። ስፕሩስ በሚባል ጥድ መሳይ ዛፍ ቅርንጫፍ አልብሰው ከላዩ አፈርና የከሰል ብናኝ ደፍነውበታል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች፤ ሌሊት ክምሩን የሚጠብቀው ሰው የሚያድርባት። ክምሩ አንድ ቦታ ተቀዶ ነፋስ ከገባበት ድካሙ ሁሉ አመድ ነው።

ጭሱ ሲሸተኝ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ነጭ፣ ወፍራም፣ እርጥብ ጭስ። የአጎቴ ማሳ ጭስ።

አጎቴ የሚኖሩት አዊ ውስጥ ነው፤ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ብዙም ሳይርቅ። የዚያ አገር አፈር አሲዳማ ነው። መሬቱ እህል እየነሳው ሲመጣ ገበሬው ዲከረንስ መትከል ጀመረ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይገባል። ጤፉ ታጭዶ ሲወጣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ለከብት ሣር ይታጨዳል። ከዚያ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ይዘጋል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል። በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መሬቱ ደግሞ ይታረሳል፤ እንደገና ጤፍ፣ እንደገና ችግኝ። የከሰል ክምር በነበረበት ቦታ ላይ የበቀለው ጤፍ ከሌላው ረዝሞ ከሩቅ ይለያል።

አጎቴ መሬታቸውን በአራት ከፍለውታል። በየዓመቱ አንዱን ይቆርጣሉ፤ ክረምቱ ሲገባ የተቆረጠውን መልሰው ይተክላሉ። ማንም አላስተማራቸውም። «ሁሉን ባንዴ ከቆረጥሁት እስኪደርስ ምን ልበላ ነው?» ይላሉ። አውሮፓ ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1713 ካርሎቪትስ የሚባል የሳክሶኒ የማዕድን ሹም መጽሐፍ ጽፎበታል፤ የደን ባለሙያዎች እስከዛሬ ስሙን ያነሳሉ። እሱንም ያስጨነቀው ማቅለጫዎቹ ደኑን መብላታቸው ነበር። የአጎቴን ዘዴ ግን የጻፈላቸው የለም።

ስዊድንን ዛሬ የሚያያት ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ በደን የተሸፈነች ይመስለዋል። ከአገሩ መሬት 70 በመቶ ገደማው ደን ነው። ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የደቡቡ ክፍል ብዙ ቦታ ራቁቱን ነበር። ብረት ማቅለጫው ከሰል ይፈልጋል፣ ከብቱ ቡቃያውን ይበላል፣ ሰዉ ያርሳል፣ ይቆርጣል። እኛ የምናውቀው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሕግ አወጡ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ የቆረጠ ይተካ። የአገሩ የደን ቆጠራ ከተጀመረበት ከ1920ዎቹ ወዲህ የቆመው እንጨት መጠን እጥፍ ገደማ ሆኗል። ያውም በየዓመቱ እየተቆረጠ።

ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ስመጣ ደግሞ ግንድ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲያልፍ አያለሁ፤ ደኑ ግን አላለቀም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሥራው ውስጥ ስገባ ነው።

ሁለት ክረምት ችግኝ ተክያለሁ። ክረምት ስል የእነሱን በጋ ማለቴ ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ። አንድ ረጅም የብረት ቱቦ ይሰጡሃል። ጫፉን መሬት ውስጥ ትወጋለህ፣ በእግርህ ስትረግጠው አፉ ይከፈታል፣ ችግኙን ከላይ ትለቀዋለህ፣ ቱቦውን ታነሳለህ፣ በተረከዝህ ትረግጣለህ። ጎንበስ ማለት የለም። ክፍያው በችግኝ ብዛት ነው። እጅና እግሬ እንዳይመሽባቸው እየተቻኮሉ፣ ዓይኔ ግን የሚያየው ጉቶ ብቻ ነበር። ጉቶ በጉቶ የሆነ ሜዳ። መጀመሪያ ላይ ልቤ ይደማ ነበር።

ቀስ እያልሁ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመርሁ። ወንዙ ዳር ያለው ዛፍ አልተነካም። እዚህም እዚያም ያረጁ ዛፎች ቆመው ተትተዋል። አንዳንዱን ግንድ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ አድርገው ቆርጠው ጉቶውን አቁመውታል። ቆሞ እንዲበሰብስ ነው፤ ነፍሳት ይገቡበታል፣ ነፍሳቱን ወፍ ይመጣባቸዋል። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የተተወ አይደለም። ባለመሬቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ ሊቆርጥ ካሰበ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ለደን መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። ካርታ ያያይዛል። ምኑን እንደሚተው፣ በምን እንደሚተካው ይጽፋል። ከቆረጠ በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ድረስ አዲሱን ደን ለማስጀመር የሚያስፈልገውን መሥራት አለበት። ዛፉ ገና ሳይደርስም መቁረጥ ክልክል ነው። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት የጉቶው ጉዳይ ያለቀ ነው ማለት ነው።

እኛ ዘንድስ? እኛ ዛፉን የምንጠይቀው ኬላ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አገር ቤት ሄጄ ከአጎቴ ከሰል ጋር ጋቢና ተቀምጬ ተጉዣለሁ። ኬላ ደረስን። መሸኛ ተጠየቀ። መሸኛው አለ፤ ማዳበሪያው ግን እንደገና ተቆጠረ። ሁለት ይበልጣል ተባለ፣ አይበልጥም ተባለ፣ ግማሽ ቀን ቆምን። ጠያቂውም ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እሱ ላይ ቂም የለኝም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ማንም «ይሄ የተቆረጠበት ቦታ ተተክሏል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ከኋላችን የቆመው መኪና የጫነው ከሰል ደግሞ ከዲከረንስ አይመስልም ነበር። ወይራ ይሆናል፣ የቆላ ግራር ይሆናል፤ ከማን ደን እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ወረቀቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ከሰል ከሆነ በኋላ ተክሎ የቆረጠውንና ሳይተክል የጨፈጨፈውን በምን ትለየዋለህ? ሁለቱም ጥቁር ነው።

ሕጉ የለም ማለቴ አይደለም። የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቷል። ትልቅ ነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ስንት ተቆረጠ፣ የት ተቆረጠ፣ የተቆረጠው ተተካ ወይ የሚለውን ዜና ሰምቼ አላውቅም። የአንድ ደን ሒሳብ ያለዚያ አይሞላም።

ፈረንጅ ያደረገውን ሁሉ እንቅዳ እያልሁ ደግሞ አይደለም። ስዊድኖች ራሳቸው በዚህ ነገር ይጨቃጨቃሉ። ደናቸው በዝቷል፤ ብዙው ቦታ ግን አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው ማዕበል በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንጨት ጣለባቸው። አብዛኛው ስፕሩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ድርቅ መታቸው፣ ድርቁን ተከትሎ ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ ተነሳ። አብሮኝ ሲተክል የነበረ ስሞላንድ ከሚባለው የደቡብ ስዊድን አገር የመጣ ሰው የአባቱ ደን በዚያ ማዕበል ሲወድቅ ልጅ ነበር። «ሲነጋ ከመስኮት ስናይ ዛፍ ያልነበረበት አገር መሰለን» አለኝ።

ይህን ሲነግረኝ አጎቴን ነው ያሰብሁት። የአዊ ዲከረንስም ባለፉት ዓመታት በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ችግኙ ሳይነሳ ይደርቃል። በከሰሉ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አስተምሮ የነበረው ገበሬ ምን እንደሚተክል ግራ ገብቶታል። መቁረጡንም መትከሉንም በሥርዓት ይዘውት ነበር። አንድ ዛፍ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው የጎዳቸው፤ እዚህም እዚያም።

ለዚህ መድኃኒቱ ያለው እኛ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ደቡብ ጎንደር ሂዱና ከሩቅ እዩ። እርሻው መካከል እንደ ደሴት ጉብ ያለ አረንጓዴ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው እዚያ ነው ያለው። ዙሪያውን ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ያጠሩ ደብሮች አሉ። ስዊድኖች ከቀረቻቸው ጥንታዊ ደን ላይ ቁራጭ በመንግሥት ገንዘብ ይከልላሉ። የእኛን ካህኑና ምእመኑ ያለ በጀት ጠብቀው አቆይተውልናል። ዘሩ ከዚያ ይለቀም፣ ችግኙ ከዚያ ይፍላ፤ ከዲከረንሱ ጎን አንድ ረድፍ ዋንዛ፣ አንድ ረድፍ ጥድ ይግባ።

ባለፈው ሰኞ ለአጎቴ ደወልሁላቸው። የስዊድኖቹን የስድስት ሳምንት ማሳወቂያ ቅጽ ይዤ በአማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። መሬቱ ስንት ነው? ግማሽ ገመድ አሉ። ምን ይቆረጣል? ዲከረንስ፣ የደረቀውን ጨምሮ። ምን ሳይቆረጥ ይቀራል? ምንጩ ዳር ያለው ዋንዛ፣ ሁለቱ ብሳናዎች፣ የድንበሩ ጥድ። በምን ይተካል? ግማሹ ዲከረንስ፣ ግማሹ ጥድና ዋንዛ። መቼ? ሐምሌ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ።

ሁሉንም መለሱ። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ ልጄ፣ ጻፍሁት እንበል» አሉኝ። «ለማን ነው የምሰጠው?»