አልጋ፦ ግማሽ ቀን

አክስቴ ለሕክምና ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። የቆየ የደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ አያት፣ መድኃኒት ጻፈላት፣ "ትንሽ አረፍ ይበሉና ግፊቱ እንደገና ይለካል" አለ። አረፍ ያለችው ኮሪደር ላይ ነው። የእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። አጠገቧ እጁን ጄሶ የታሰረ ልጅ ሲያለቅስ እሷው ስታባብለው ቆየች። ከዚያ ደረሰኝ መጣ። ካርድ፣ ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ ጓንት ይላል። እሺ። ከጓንቱ ሥር "አልጋ፣ ግማሽ ቀን" ይላል።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

"እህቴ፣ ይቺ አልጋ የማን ናት?"

"ሲስተሙ ነው ያወጣው፣ ጋሼ።"

"እሷ እኮ አልተኛችም። እዚያ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው።"

"እኔ መቀበል ብቻ ነው። ነርሶቹን ይጠይቋቸው።"

ነርሷን ጠየቅኩ። "እኛ ሒሳብ ውስጥ አንገባም፣ ካሸር ጋ ነው" አለችኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ካሸሯ ጋ ስመለስ መብራት ጠፍቷል። ደብረ ብርሃን እኮ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አየሁ ብለው የቆረቆሯት ከተማ ናት። ብርሃኑ ወርዶ ሒሳብ ክፍል ሳይደርስ ቀረ መሰለኝ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሲስተሙም የለም፣ ሲስተሙ ከሌለ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ነው። ትከሻዬን መታ አደረገና፣ "ወንድም፣ ክፈልና ሂድ፤ ከጤና አይበልጥም" አለኝ።

ይሄን ነገር የሚል ሰው አልወድም። ጫማ ስንገዛ እንከራከራለን። የመንዝ በግ ስንገዛ ላቱን እንጨብጣለን፣ ወገቡን እንዳብሳለን፣ ጥርሱን እናያለን፣ ትተን እንሄዳለን፣ ተጠርተን እንመለሳለን። ሻጩም አይቀየመንም፤ ያልተከራከረ ገዢ ሲያጋጥመው ነው የሚደነግጠው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ይሄ ሁሉ ጠባይ ይጠፋል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በበሽተኛ ላይ ሒሳብ መቁጠር ነውር ነው። "ይሄ ምንድነው?" ብለህ ብትጠይቅ ለእናትህ ብር የሳሳህ ትመስላለህ። ዘመድ ይሰማሃል። በሽተኛዋ ራሷ "ተወው ልጄ፣ በእኔ ምክንያት አትጨቃጨቅ" ትላለች። አልጋው ደረሰኙ ላይ የሚወጣው እኮ ይሄን ይሉኝታችንን ተማምኖ ነው። ደረሰኙን የሚያዘጋጀው ሰው ጠባያችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ሒሳብ ሲባል የት እንደምንጎብዝ ደግሞ ልንገራችሁ። ሥጋ ቤት። እዚህ ብርድ ላይ አንድ ኪሎ ጥብስ ተበልቶ፣ አረቄ ተደርቦበት፣ አስተናጋጁ ሒሳብ ይዞ ብቅ ሲል ጠብ ነው። "በሞትኩት አትከፍልም!" "እኔ እያለሁ?" እጅ መጠምዘዝ አለ፣ ብር ከኪስ ኪስ መክተት አለ፣ አስተናጋጁን ቀድሞ ጓዳ ድረስ ሄዶ መክፈል አለ። በዚህ ትግል ሸሚዙ የተቀደደ ሰው አውቃለሁ። ከሥጋ ቤቱ እልፍ ብሎ ያለው የሆስፒታል መስኮት ጋ ግን "በሞትኩት እኔ ልክፈል" የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ስንደርስ የሁላችንም ስልክ ይጠራል።

ስለ መስኮቱም ሳልናገር አላልፍም። ሙሉ መስታወት ነው። መነጋገሪያ ቀዳዳው የተሠራው ወገብ ላይ ነው። ከፋዩ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚያወራው። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ወገቡን አሞት የመጣው፣ ሁሉም። ድሮ በሸዋ እጅ የሚነሳው ለመኳንንት ነበር፤ እነሱ እንኳ ቀና በል ይሉ ነበር። ጎንበስ ብሎ "ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም" የሚል ሰው ስለ ጓንት ዋጋ አይከራከርም። ቀዳዳውን እዚያ ላይ የበሳው አናጢ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

የእኛ አገር ወጌሻ ከፋይ አያስጎነብስም። አያቴ በቅሎ ጥሏቸው ትከሻቸው ሲወልቅ ወጌሻው በቅቤ አሽቶ መለሰላቸው። ዋጋ አልጠራም። "ሲድኑ ያስቡኛል" ብሎ ሄደ። ዳኑና አሰቡት፤ ዶሮ ተላከለት። ጠበል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ነው። "ከዳንኩ ጥላ አስገባለሁ" ይላል፤ ካልዳነ ዕዳ የለበትም። ማን ይበልጣል እያልኩ አይደለም፤ ግፊቱን የምትለካው አክስቴም ናት፣ ጠበል የምትጠመቀውም እሷው ናት፣ ሁለቱን አታጣላቸውም። የክፍያውን ተራ ብቻ ነው ያነሳሁት። አንዱ ጋ መዳን ይቀድማል። ሌላው ጋ ካርድ።

"መድን የላትም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አላት እንጂ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። ይሄ ነገር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው አገር ያዳረሰው። ሐሳቡን አደንቀዋለሁ። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ የታመመ ይታከምበታል፣ ያልታመመ ይመሰገናል። አክስቴም መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በመሐረብ አስራ፣ መሐረቡን መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው። እንደ ሥርዓቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሪፈር ተጻፈላት። የመንግሥት ሆስፒታል ደረሰች። ላቦራቶሪው "ሪኤጀንት አልቋል፣ ከውጭ አሠሩ" አላት። መድኃኒት ቤቱም "የለም፣ ከውጭ ግዙ" አላት። ውጭ ደግሞ መድኑ አይሠራም። አልጋዋን ያገኘችው እንዲህ ዞራ፣ የግል ሆስፒታል ገብታ ነው።

የምወደው ተረት አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይሄን ተረት የፈጠረው የጤና መድን አባል ነው ብዬ እምላለሁ፤ ዘመኑ አይገጥምም እንጂ። መንዝ ቢፈጠር ኖሮ ግን በላም አይተረትም ነበር። በግ አለኝ በሰማይ ነበር የሚባለው። የመንዝ ሰው ላም ቢያጣ ይችላል፤ በግ ቢያጣ ግን በምን ይለብሳል? ባናውም ዝተቱም ከበግ ፀጉር ነው። ያንን ብርድ ያለ ባና ያደረ ሰው ስለ ወተት አይተርትም። አንድ ጊዜ ይሄን ሐሳቤን ለአንድ የጎጃም ወዳጄ ብነግረው ተቆጣ። "ተረት አይነካም" አለኝ። እስከ ዛሬ እንደተኳረፍን ነን።

ቂም ካነሳሁ አይቀር፣ እድራችን ጋም አንድ አለኝ። እድር ሲሞቱ ይከፍላል፣ ሲታመሙ አይከፍልም። ስለዚህ በእኛ ሰፈር መታመም ኪሳራ ነው፣ መሞት ግን ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቶለታል። እሱን ተውኩት፤ ደንቡ ነው። ግን የዛሬ ስንት ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኝቼ ሳለ ሰፈር ውስጥ ቀብር ነበር። ቀረሁ። በወሩ ስብሰባ ስሜ ተነበበ፤ 50 ብር ቅጣት። "ታምሜ ነበር" አልኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ "ፈቃድ ጠይቀሃል?" አለኝ። ከማን? ከግሉኮሱ? ከፈልኩ።

ለጸሐፊው ግን አንድ ነገር አልነሳውም። ደብተሩ ይነበባል። ሉክ ነው፤ በእጁ አስምሮበት ስም፣ ቀን፣ ምክንያት፣ ብር ብሎ ጽፏል። የእኔ ቅጣት ምክንያት "ቀብር ቀርቶ" ይላል። ግፍ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ግፍ እንደሆነ ገብቶኝ ነው የከፈልኩት። ሊጠየቅ የሚችል ሰውም አለው፤ ሰኞ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ ይሰድበኛል። ያ ሁሉ ኮምፒውተር፣ ያ ሁሉ ፕሪንተር፣ ያ ሁሉ ማኅተም ያለበት ቤት ይሄን ማድረግ ለምን ያቅተዋል? ሥጋ ቤቱ እንኳ የጥሬውንም የጥብሱንም ዋጋ ግድግዳ ላይ ጽፎ ሰቅሏል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ የዕቃም የአገልግሎትም ዋጋ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ ይላል። የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቤዋለሁ። "ራዕያችን" ይላል። "እሴቶቻችን" ይላል። ከታች "ቅድሚያ ለደንበኛ" ይላል። የአልጋ ዋጋ የለም። የአግዳሚ ወንበርም የለም።

እና አልጋው ምን ሆነ ለምትሉ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ካሸሯ እንደገና አየችውና "ልክ ነዎት፣ ግን አንዴ ከተቆረጠ አይሰረዝም፣ ማመልከቻ ያስገቡ" አለችኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ማመልከቻውን የሚቀበለው ኃላፊ ማን እንደሆነም ነገረችኝ። አዳማ ስልጠና ሄዷል። አክስቴ ይሄ ሁሉ ሲሆን ጄሶ የታሰረውን ልጅ ቆሎ እያበላችው ነበር። "ጨረስክ?" አለችኝ። መድኃኒቷን ገዛንላት፣ ግፊቷም ወርዷል፤ የእኔን የለካው የለም።

ማመልከቻውን ዛሬ ልጽፍ ነበር። ግን ስምንት ሰዓት ላይ ቀብር አለ፤ ጸሐፊው ደግሞ ስም የሚጠራው ገና በሩ ላይ ነው።