ስልኩ የኔ፣ ትእዛዙ የማን?

ሥራ በለቀቅኩ በአምስተኛው ቀን ምሽት፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ስልኬ ማንም ሳይነካው ጠፍቶ በራ። ሲበራም ከሳጥኑ በወጣ ዕለት እንዳደረገው ሁሉ ቋንቋ እንድመርጥ ጠየቀኝ። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ስጭን "እስማማለሁ" ብዬ ያለፍኩት ገጽ ስልኬን ከሩቅ ሆኖ ባዶ የማድረግ ሥልጣን ለአሠሪዬ ሰጥቶት ኖሯል።

ስልኩን የገዛሁት በራሴ ደመወዝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመግዣውም ሆነ ለወርሃዊ ክፍያው አንድ ሳንቲም አላወጣም። አይቲ ክፍል ደውዬ ስጠይቅ ያገኘሁት ልጅ በጣም ትሑት ነበር። "ስምዎ ከሠራተኛ ዝርዝር ሲወጣ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያጠፋው፤ እኛ የነካነው ነገር የለም" አለኝ። አልዋሸኝም። በእርግጥም ማንም አልነካውም፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ ተቀምጠው ስለነበር አብዛኞቹ ተመለሱ። ያልተመለሰው የእናቴ የደም ስኳር መዝገብ ነው። ለሰባት ወር በየማለዳው ለክታ ስትነግረኝ የጻፍኩት፣ መድኃኒት የተቀየረላትን ቀን፣ እንቅልፍ ያጣችበትን ሌሊት፣ የምግብ ፍላጎቷ የቀነሰበትን ሳምንት ከቁጥሩ ጎን ያሰፈርኩበት ማስታወሻ ነበር። ሐኪሟ በየቀጠሮው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ይህ ዕቃ የኔ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደጋግሜ አስቤያለሁ። የደረስኩበትን በአጭሩ ልናገር። የአንድ ዕቃ ባለቤት የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ነው። ደረሰኙ በእጄ፣ ዕቃው በኪሴ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ "አቁም" ያልኩትን ሌላ ሰው ከሩቅ "ቀጥል" ብሎ ማዘዝ ከቻለ፣ ወይም እኔ "ይቆይ" ያልኩትን እሱ "ጥፋ" ካለው፣ ባለቤቱ እሱ ነው። እኔ ተሸካሚ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለተዋሱት ጌጥ ነበር፤ ዛሬ ዋጋውን ከፍለው ለገዙትም ደርሷል።

አሠሪዬ ብቻውን አይደለም። ሻጩም ከእሱ በፊት ይህንን ሲያደርግ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አማዞን ኪንድል በተባለው የንባብ መሣሪያ ደንበኞች የገዟቸውን ሁለት ልብ ወለዶች ከየሰዉ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሰረዘ። ምክንያት ነበረው፤ መጻሕፍቱን በመደብሩ ያስቀመጠው ድርጅት የማሳተም መብት አልነበረውም። ገንዘቡን መለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ የጥናት ማስታወሻ ሲጽፍ የሰነበተ አንድ ተማሪ ማስታወሻው ዋጋ ቢስ ሆኖበት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ታሪኩን ያነበብኩት ያኔ ነው፤ አንብቤ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ያ ተማሪ ምን እንደተሰማው አውቃለሁ። የዕቃ ዋጋ ሊመለስ ይችላል፤ ሰው በዕቃው ላይ የጨመረውን ጊዜና ሐሳብ የሚመልስ ግን የለም። በየትኛውም የሽያጭ ውል ላይ ይህ ሁለተኛው ነገር ሲቆጠር አላየሁም።

በ2016 ደግሞ ሪቮልቭ የሚባል፣ በቤት ውስጥ መብራትና የመሳሰሉትን በስልክ ለማዘዝ የሚያገለግል መሣሪያ የገዙ ሰዎች አንድ ቀን መሣሪያቸው ሞቶ አገኙት። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። ኩባንያውን ኔስት የተባለ ሌላ ኩባንያ ከገዛው በኋላ ሰርቨሩ፣ ማለትም መሣሪያው በኢንተርኔት የሚታዘዝበት የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ተዘጋ፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ቤት ውስጥ ያለው ምንም ያልተሰበረ፣ ምንም ያልተቃጠለ ዕቃ ባዶ ሳጥን ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም የኤችፒ ፕሪንተሮች ትናንት ሲቀበሉት የነበረውን የሌላ አምራች ቀለም ዛሬ አልቀበልም ማለት ጀመሩ። ቀደም ሲል በተላከ የሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ የተቀመጠ ትእዛዝ ነበር። የደንበኞች ቁጣ ሲበረታ ኩባንያው ይህንን የሚያነሳ ሌላ ማሻሻያ አወጣ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን በጣም የሚያስተምረኝ የአይፎን ባትሪ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የተደረገው ነገር በራሱ ክፉ አልነበረም። የሊቲየም አዮን ባትሪ ባረጀ ቁጥር በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይል ይጨምራል። ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ ካሜራ ሲከፈት፣ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ቻርጅ እያለው ድርግም ይላል። አፕል ይህንን ለመከላከል ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ በማሻሻያ አደረገ። መሐንዲስ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ ነበር። ድንገት ከሚጠፋ ስልክ የሚያዘግም ስልክ ይሻላል።

ጥፋቱ ዝምታው ነበር። ስልኩ ለምን እንደዘገመ ለባለቤቱ የነገረው የለም። ኩባንያው በግልጽ ያመነው በታኅሣሥ 2017፣ ሰዎች ራሳቸው ፍጥነቱን ለክተው ካጋለጡ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው "ስልኬ አርጅቷል" ብሎ አዲስ ገዝቷል? ባትሪ መቀየር ብቻ ይበቃው የነበረ ሰው። ነገሩ ሲወጣ አፕል የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም ባለቤቱ የባትሪውን ጤንነት የሚያይበትና ማዘግየቱን የሚያጠፋበት ገጽ ጨመረ። በ2020 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ ለደንበኞች አልተነገረም በሚል 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ያቺ የባትሪ ገጽ እንደ ትንሽ ነገር ልትታይ ትችላለች። ለእኔ ግን ትልቅ ናት። ቴክኖሎጂው ያው ነው፣ ባትሪውም ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ አውቆ መወሰን መቻሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ "ማሻሻያ አያስፈልግም" የሚሉትን ሰዎች አልደግፍም። ያስፈልጋል። የደኅንነት ቀዳዳ ያለበት ስልክ ይዞ መዞር ቁልፍ የሌለው በር ይዞ መተኛት ነው። የምጠይቀው የደኅንነቱ መጠገኛ ከሌላው ለውጥ እንዲለይ ነው። ቀዳዳውን ድፈኑልኝ፤ ፕሪንተሬ የሚቀበለውን ቀለም ግን በዚያው ሾልካችሁ አትቀይሩብኝ። ሁለቱን በአንድ ጥቅል አስሮ "ሁሉንም ተቀበል፣ አለዚያ ለጥቃት ተጋለጥ" ማለት ምርጫ መስጠት አይባልም።

ወደ ሥራ ቦታው ልመለስ። እኔን ያቃጠለኝ እዚያ ነው።

አሠሪዎች የሚሉትን አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። የድርጅቱ ደብዳቤ፣ የደንበኞች ስም ዝርዝር፣ የውል ረቂቅ በሠራተኛው ስልክ ላይ ይቀመጣል። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ፣ ቢሰረቅ፣ ሠራተኛው ተጣልቶ ቢለቅ ያ ሁሉ ለማንም ይጋለጣል። ድርጅቱ የራሱን ነገር የማጥፋት መብት ሊኖረው ይገባል። ደንበኛ ሆኜ ሳስበው እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ግን የራሱን። ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ምኞት አይደለም። አንድሮይድ ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከአንድሮይድ 5 ወዲህ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ የሥራውን ክፍል ከግሉ የሚለይ አሠራር አለው። የሥራ መተግበሪያዎቹ በራሳቸው ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አሠሪው ያንን ግቢ ማፍረስ ይችላል፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ፎቶና ማስታወሻ ግን አያይም፣ አያጠፋም። አፕልም በ2019 በአይኦኤስ 13፣ ማለትም በአይፎን ሶፍትዌር፣ ለግል ስልኮች ተመሳሳይ መንገድ አበጅቷል። እኔ ሥራ ስጀምር ሁለቱም ነበሩ። አሠሪዬ ግን ለሁሉም ስልክ፣ ራሱ ለገዛውም እኔ ለገዛሁትም፣ አንድ ዓይነት ሙሉ ቁጥጥር ጫነ። አንድ ደንብ ለሁሉም መጫን ይቀላልና። የቀለለው ለእሱ ነው፤ የሰባት ወር መዝገብ ያጣችው እናቴ ናት።

"ተስማምተሃል" የሚለው መልስ ደጋግሞ ይመጣል። አዎ፣ ነክቻለሁ። የነካሁት ግን አዲስ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለቃዬ ከጎኔ ቆሞ "ኢሜይልህ ገባ?" እያለኝ ነው። ገጹ እንግሊዝኛ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ "እምቢ" የሚል ቁልፍም አልነበረውም፤ ያለው መቀበል ወይም ያለ ኢሜይል መቅረት ነው። እንጀራው በአንድ ወገን እጅ ባለበት ቦታ የሚሰጥ ስምምነት እኩያ ለእኩያ ከሚሰጠው ጋር በአንድ ሚዛን ሊለካ አይገባም። ቢያንስ ቢያንስ በአንድ መስመር፣ በጉልህ፣ በሚገባኝ ቋንቋ "ስትለቅ ስልክህን ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን" ቢለኝ ሌላ አሮጌ ስልክ ለሥራ እመድብ ነበር። ወይም ከመጥፋቱ በፊት የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ቢልኩልኝ። አንድ አጭር መልእክት።

ዕቃው የአሠሪው በሚሆንበት ጊዜስ? የቢሮ ኮምፒውተር የቢሮው ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ትእዛዝ የእሱ ቢሆን አልከራከርም። ነገር ግን በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የቢሮው ዕቃ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2020 መገባደጃ ለድርጅቶች ባቀረበው የምርታማነት መለኪያ ሥራ አስኪያጆች እያንዳንዱ ሠራተኛ በ28 ቀን ውስጥ ስንት ቀን ኢሜይል እንደላከ፣ ስንት ቀን በቻት እንደጻፈ በስም ማየት ይችሉ ነበር። ተቃውሞ ሲበዛ ኩባንያው በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ የግለሰቦቹን ስም ከመለኪያው ላይ አነሳው። ጥሩ አደረገ። ኢሜይል የላከበት ቀን ብዛት ስለ አንድ ሰው ሥራ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ባልደረቦች እጅግ የምትከበረው ሒሳብ ሠራተኛ በቀን ሁለት ኢሜይል የማትጽፍ ሴት ነበረች፤ ጥያቄ ያለው ሰው ተነስቶ ጠረጴዛዋ ድረስ ይሄድ ነበር። በዚያ መለኪያ እሷ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ትሆን ነበር።

ሕግ ቀስ እያለ እየደረሰ ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ አምራቾች መለዋወጫን ከአንድ ስልክ ጋር በሶፍትዌር አስረው በሌላ መለዋወጫ መጠገንን እንዳያግዱ ከልክሏል። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ሳይናገር "ግዛ" የሚል ቃል እንዳይጠቀም አዝዛለች። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ መሣሪያ ባትሪ፣ ከተወሰኑ ዓይነቶች በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊቀይረው የሚችል መሆን አለበት። ከሁሉም የካሊፎርኒያውን እወደዋለሁ። ቃሉን ነው የያዘው። "ሸጥኩልህ" እና "አከራየሁህ" በየትኛውም ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ተከራይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ግድግዳው ላይ ምስማር ከመምታቱ በፊት ያስባል። እኔ በስልኬ ላይ ምስማር እየመታሁ የኖርኩት ቤቱ የራሴ መስሎኝ ነው።

ባለፈው ወር አዲስ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ላይ እንደተለመደው መተግበሪያ ጫን ተባልኩ። አይቲ ክፍል ወርጄ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ "ከዚህ ስልክ ላይ ልታጠፉ የምትችሉት ምን ምኑን ነው?" የተቀበለችኝ ልጅ ጥያቄው ገርሟት ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ፣ እውነቷን ነው፣ "እስከ ዛሬ የጠየቀን ሰው የለም፤ ኃላፊውን ጠይቄ በጽሑፍ እልክልሃለሁ" አለችኝ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እስኪመጣ ድረስ ኢሜይሌን የማነበው በቢሮው ኮምፒውተር ነው፤ እናቴም ቁጥሯን በደብተር ትጽፋለች።