የልምድ ልውውጥ፣ ከአይጠየፍ እስከ ቢራው

መሥሪያ ቤቶቻችን የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ልምድ ይጠማቸዋል። ሰኔ 30 ድረስ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ግንቦት ከገባ ወዲህ «ለልምድ ልውውጥ» የሚል ጨርቅ ግንባሩ ላይ ያሰረ አውቶቡስ ደሴ ፒያሳ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ደሴ ታሪክ አላት፤ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አላት፤ የሁለቱ ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዕቅድ አውጪ ከዚህ የተመቸ መልክዓ ምድር ከየት ይገኛል?

ባለፈው ግንቦት ከመጡት አንዱን ቡድን አጅቤ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ድሃና ባለጠጋ ሳይለዩ ግብር ያበሉበት የአይጠየፍ አዳራሽ ደጃፍ ስንደርስ፣ እንግዶቹ አስቀድመው ያደረጉት በማዕረግ መሰለፍ ነበር፤ ኃላፊው ከመሐል፣ ምክትሎቹ ከግራና ከቀኝ፣ ባለሙያዎቹ ከኋላ፣ ሾፌሩ ደግሞ ፎቶ አንሺ። አስጎብኚው ንጉሡ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው መማረካቸውን በሐዘን ሲተርክ፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «አበሉ የስንት ቀን ነው የተሠራው?» አለው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደተኮሱ ሲሰሙ ግን ሁሉም ተደመሙ፤ ተደመሙና ሰዓታቸውን አዩ።

ለሙዚየሙ ሃያ ደቂቃ ተመደበለት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ የጎደለው ቅርስ ራሱ ብዙ የሚያናግር ነበር፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

ሐረጎን እየተጠማዘዝን ወርደን ፋብሪካው ስንገባ የቡድኑ ጠባይ ተለወጠ። ጋዋን ተለበሰ፤ ጠዋቱን ሙሉ ከቦርሳ ያልወጣ ማስታወሻ ደብተር ወጣ። ወጣቱ ባለሙያ የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ሲታሽ ስታርቹ ወደ ስኳር እንደሚለወጥ፣ ከተጣራ በኋላ ከሆፕስ ጋር እንደሚፈላ፣ ሲበርድ እርሾ እንደሚገባበት ሲያስረዳ ትንፋሽ የሚያሰማ አልነበረም። ዝምታውን የሰበሩት ገንዘብ ያዧ ናቸው።

«ልጄ፣ ጌሾውስ?»

«በጌሾ ፈንታ ሆፕስ ነው፣ እትዬ። መራራ የሚያደርገው እሱ ነው።»

«አሻሮስ?»

«አሻሮ የለውም።»

«እሺ፣ ጋኑን በምን ታጥኑታላችሁ?»

ልጁ አንገቱን አቅንቶ ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን የብረት ጋን አየና «አናጥነውም፤ በኬሚካል ነው የምናጥበው» አለ። ሴትየዋ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከዚያም ወይራው ቀርቶ ጠላ እንዴት ጠላ እንደሚሆን ያስረዱት ጀመር፤ ልጁም ከልቡ ይጠይቃቸው ነበር። በዕለቱ ልምድ ሲለዋወጥ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ኃላፊው «ሰዓት ሄደ፣ ወደ ቅምሻው እንለፍ» ብለው አቋረጡት። ቅምሻው ግን በሰዓት አልተገደበም። እንግዶቹ በየተራ ተነሥተው ስለ ወሎ መስተንግዶ ረጃጅም ንግግር ሲያደርጉ፣ ቢራ የማይቀምሱት የግዥ ክፍሉ ሐጂ በአምቦ ውሃቸው ሁሉንም በትዕግሥት አስተናገዱ።

ሪፖርቱ ሰኔ ላይ ደረሰን። ሙዚየሙ «በስፋት ተጎብኝቷል» ይላል። «ቀጣይ አቅጣጫ» በሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ የምርት ሂደቱን በጥልቀት ለማየት ቡድኑ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ተመልሶ እንዲመጣ፣ የቡድኑም አባላት ቁጥር እንዲጨምር ይጠይቃል። ስለ ጋን ማጠን አንድም መስመር አልተጻፈም።