ክብ የሆኑት ለእኛ ብለው አይደለም

ትንንሽ፣ ክብ ክብ ያሉ የዱር እንስሳት ፎቶ አይቶ ፊቱ የማይፈታ ሰው አላጋጠመኝም። ትልቅ ጭንቅላት፣ ፊት ላይ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ጥቋቁር አይኖች፣ አንገቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ድብልብል ያለ ሰውነት፣ ከስር ደግሞ አጫጭር እግሮች፣ በቃ ሰው ያንን ሲያይ ድምፁ ራሱ ይቀየራል። ይሄንን የልጅ ነገር ነው ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ በፍፁም አልስማማም፣ እንደውም ሰው ውስጥ ካሉት ደግ ነገሮች አንዱ ይሄ ይመስለኛል።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለዚህ ነገር ፅፎ ነበር። የሱ ሀሳብ ባጭሩ፣ ትልቅ ጭንቅላት፣ ትልልቅ አይን፣ ሙሉ ጉንጭና አጭር እጅና እግር የህፃን መልክ ስለሆኑ ስናያቸው ሳናስበው የመንከባከብ ስሜት ይቀሰቀስብናል ነው። የሰው ልጅ ህፃን ብቻውን ከተተወ አያድግም፣ ስለዚህ ይሄ ስሜት ባይኖረን ዛሬ ላይ አንደርስም ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ ስሜቱ የራሳችን ልጅ ጋ አልቆመም፣ ጫካ ውስጥ ላለ፣ ስማችንን እንኳን ለማያውቅ ፍጥረትም ይተርፋል። አንዳንዴማ ከመብዛቱ የተነሳ "ንክስ ላርገው" "ልብላው" ያሰኛል አይደል? ይሄንንም ያጠኑት አሉ፣ ኦሪያና አራጎን የምትባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው ጥናት ላይ፣ ደስታው ከአቅም በላይ ሲሆን ሰው ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል ይላል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ። የኔ ቅሬታ የሚጀምረው ያ ክብነት ለእኛ የተዘጋጀ ስጦታ ሲመስለን ነው። የእንስሳው ክብነት እኮ የራሱ ኑሮ ነው።

ሺማ ኤናጋ የምትባለውን ወፍ አይታችኋት ይሆናል፣ የጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት ላይ የምትኖር፣ ነጭ ጥጥ ላይ ሁለት ነጥብ አይን የተተከለባት የምትመስል። ክብደቷ 8 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱን የሞላው ፎቶዋ በአብዛኛው የክረምት ፎቶ ነው፣ በበጋ ብታዩዋት ቀጠን ያለች ተራ ወፍ ናት። ክብ የምትሆነው ስለሚበርዳት ነው፣ ላባዋን ነፍታ በመሀሉ አየር ትይዛለች፣ ያ አየር ሙቀቷ እንዳያመልጥ ይጋርዳታል። ከቅርፆች ሁሉ ደግሞ ለያዘው መጠን ትንሹን የውጭ ገፅ ለብርድ የሚያጋልጠው ክብ ነው። እኛ "ውይ ስታምር" የምንልባት ሰአት እሷ ሌሊቱን በህይወት ለማደር የምትታገልበት ሰአት ነው ማለት ነው፣ እኔ ይሄንን ካወቅኩ በኋላ ነው ይበልጥ የወደድኳት።

ፓይካም እንደዛው። የጥንቸል ዘመድ ነው፣ ጆሮው አጭርና ክብ፣ ጭራው ከውጭ የማይታይ፣ መዳፍ ላይ የሚበቃ ፍጥረት። የሰሜን አሜሪካው አይነት ከፍተኛ ተራራ ላይ ድንጋይ ስር ይኖራል፣ ክረምቱን እንደ አንዳንድ እንስሳት ተኝቶ አያሳልፍም፣ ስለዚህ በጋውን ሙሉ ሳርና አበባ በአፉ ሙሉ እየያዘ ሲመላለስ ነው የሚውለው። የሚገርመው ደግሞ ከሚያከማቸው ውስጥ መርዛማነት ያላቸው ተክሎች አሉ፣ እነሱን ያኔውኑ አይበላም፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ያ መርዝ ክምሩ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ ክረምት ላይ መርዙ ሲቀንስ ደግሞ ይበላቸዋል። ይሄን ሁሉ የሚሰራው ያ የምትሳሱለት ድቡልቡል ነገር ነው! ችግሩ ያ ከብርድ የሚያድነው ክብ ሰውነትና ወፍራም ፀጉር ሙቀት ሲመጣ ይገድለዋል፣ መሸሸጊያ ካጣ 25 ዲግሪ ምናምን ላይ ጥቂት ሰአት መቆየት ለሞት ሊያበቃው ይችላል። አለም በሞቀች ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል፣ ተራራው ግን የሆነ ቦታ ያልቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስሎው ሎሪስ የምትባለው ትልልቅ አይን ያላት፣ ቀስ ብላ የምትንቀሳቀስ፣ የጦጣ የሩቅ ዘመድ የሆነች የደቡብ ምስራቅ እስያ ፍጥረት። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ ቤት ውስጥ ሰው ሲኮረኩራት፣ እሷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ የሚያሳይ ቪዲዮ ሚሊዮኖች አዩት፣ ደስ ብሏት ነው ተባለ። ደስታ አልነበረም። ሎሪስ እጇን የምታነሳው ስትፈራ ነው፣ ክንዷ ውስጠኛው በኩል ክርኗ አካባቢ ፈሳሽ የሚያመነጭ እጢ አለ፣ እሱን ልሳ ከምራቋ ጋር ስትቀላቅለው ንክሻዋ መርዛማ ይሆናል። ከጥቂቶቹ መርዛማ አጥቢ እንስሳት አንዷ ናት። ለዛ ነው ነጋዴዎቹ ከመሸጣቸው በፊት ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ በጥፍር መቁረጫ ወይ በፒንሳ የሚቆርጡት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ብዙዎቹ ይሞታሉ። እነዛ የምንሳሳላቸው አይኖች ደግሞ ለጨለማ የተሰሩ ናቸው፣ ቪዲዮው ግን ቦግ ባለ መብራት ነው የሚቀረፀው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለም አቀፍ ንግዷ የተከለከለ ቢሆንም ላይክ ያለበት ቦታ ገዢ አይጠፋም።

ፍቅር ወደ እጅ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚሆነው። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የተወለደችው ድንክ ጉማሬ ሙ ዴንግ ታዋቂ ስትሆን ሊያዩዋት ከመጡት አንዳንዶቹ ለምን ተኛች ብለው እቃ ይወረውሩባት ነበር፣ የእንስሳት ማቆያው ቅዳሜና እሁድ አንድ ሰው እሷን የሚያይበትን ጊዜ 5 ደቂቃ ለማድረግ ተገደደ። እሷን ያየ ስንት ሰው ነው ዘመዶቿ ምዕራብ አፍሪካ ጫካ ውስጥ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ2,500 በታች እንደሆኑ የሚያውቀው? አውስትራሊያ በዚህ ትሻላለች፣ ሮትነስት ደሴት ላይ ያለውን ፈገግ ያለ የሚመስለውን ኳካ፣ ትንሹን የካንጋሮ ዘመድ፣ መንካትም መመገብም ያስቀጣል፣ ሰልፊ ግን ርቀት ጠብቀህ፣ እሱ ራሱ ከቀረበህ፣ ማንም አይከለክልህም። ይሄ ህግ ፍቅራችንን አልነጠቀንም፣ እጃችንን ብቻ ነው የያዘው።

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 2017 ጀምሮ ከዱር እንስሳ ጋር የሚነሱ ሰልፊዎችን በሃሽታግ ለሚፈልግ ሰው ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ጥሩ ጅምር ነው ግን አይበቃም፣ ፈልጎ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ብዙዎቻችን ቪዲዮው ራሱ ነው መጥቶ የሚያገኘን። ማስጠንቀቂያው ቪዲዮው ላይ ራሱ ይለጠፍ፣ ጥርሷ የተቆረጠ እንስሳ ለሚያሳይ አካውንትም የማስታወቂያ ገንዘብ አይከፈል። እኛ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ያለ ሎሪስ ስናይ ላይክም ኮሜንትም፣ የንዴት ኮሜንት ቢሆን እንኳን፣ ሳንሰጥ ሪፖርት አድርገን እንለፍ፣ ምክንያቱም ቪዲዮውን ወደ ሌላው ሰው የሚገፋው ያው የኛ ኮሜንት ነው።