ማስተካከያ፦ የሂሳብ አዳራሹ መምህር አለው

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ በፍሬሽማን ተማሪዎች መካከል የሚዞር ወሬ አለ። «አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህራኑን አስወጥቶ በኮምፒውተር ተካቸው» ይላል። ይሄ መታረም አለበት።

ወሬው ስለ ቨርጂኒያ ቴክ የሂሳብ ማዕከል ነው። የተከፈተው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቦታው ቀድሞ ትልቅ መደብር ነበር። ከ500 በላይ ኮምፒውተሮች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተደርድረዋል። ተማሪው በራሱ ፍጥነት ያነባል፣ ጥያቄ ይሰራል፣ ይፈተናል። ሲቸግረው ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ያኔ መምህር ወይም ሲኒየር ተማሪ መጥቶ ያግዘዋል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት የሚያፍር ልጅ ስንት አለ! ኩባያ ማስቀመጥ ግን አያሳፍርም።

የቀነሰው ሌክቸሩ ነው። መምህሩ ከሰሌዳው ወደ ተማሪው ወንበር መጣ። በኋላ ይሄንኑ መንገድ የተከተሉት የአላባማና የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲዎችም አስጠኚዎችን አላስቀሩም።

ወጪ ይቀንሳል የሚባለው እውነትነት አለው። ቢሆንም ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር «እኛም ጋ ይከፈት» የሚል ሰው ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር የአስጠኚዎቹን ክፍያ አብሮ ያስላ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተርም አይርሳ።