አሉሚኒየም በእንጨት መጋዝ አይቆረጥም ያለው ማነው?

ወንድሜ ለአውሮፕላንህ ክንፍ የገዛኸውን 10 ሚሊ አሉሚኒየም "ብረት ስለሆነ በግራይንደር ነው እንጂ በእንጨት መጋዝ አይሞከርም" ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የብረት መቁረጫ ዲስክ አሉሚኒየም ላይ ቶሎ ይደፈናል፣ ከዛ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ ጠርዙ ይግላል፣ 6061 ቲ6 የሚባለው ጠንካራ የአሉሚኒየም ዓይነት ደግሞ ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ ሙቀት ስለሆነ ከልክ በላይ ከጋለ ይለሰልስብሃል። ለሰማይ የሚወጣ ነገር ነው እኮ!

ጥርሱ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) የሆነ የሰርኩላር መጋዝ፣ ማለትም ክብ ሆኖ የሚሽከረከር የእንጨት መጋዝ፣ ምላጭ ግን አሳምሮ ይቆርጠዋል። ጅማ ደግሞ በርጩማና አልጋ የሚሠራ እንጨት ቤት ሞልቷል፣ ማሽኑ እዛው አለልህ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ "ምላጬን ልትጨርስብኝ ነው" ማለቱ አይቀርም፣ አንተ የራስህን ምላጭ ይዘህ ሂድ። ምላጩን ሻማ ቀባው ፍቅፋቂው እንዳይጣበቅ፣ አሉሚኒየሙን በደንብ እሰረው፣ ቀስ አርገህ ግፋ፣ መነጽር ያለሱ እንዳትሞክር ፍንጣሪው ትኩስ ነው። ኩርባ ላለው ጂግሶው (ቀጭን ምላጩ ወደላይ ወደታች የሚል የእጅ ማሽን) ይበቃል።

ደሞ ልክ መስመሩ ላይ አትቁረጥ፣ 1 ወይ 2 ሚሊ አስተርፍና በሞረድ ጨርሰው፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት በጠርዙ ርዝመት አለስልሰው፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከትንሽ ጭረት ነው።